የት ነው የምናድረው?

«መቶ በመቶ ታያላችሁ።»

ይህን ያለኝ በስልክ ያገኘሁት አንድ የጉዞ አዘጋጅ ነው። ጨዋ ሰው ነበር። የጠየቅሁትን ሁሉ ሳይሰለች መለሰልኝ። ሆቴሉ ጅቡቲ ከተማ መሃል ነው። ኤሲ አለው፣ ቁርስ ከዋጋው ጋር ነው። ጠዋት ጀልባ ይወስዳችኋል፣ ዓሣውን ታያላችሁ፣ ከሰዓት ወደ ሆቴላችሁ ትመለሳላችሁ። «ዓሣው ባይመጣስ?» ስለው ነው ያቺን ነገር ያመጣት። መቶ በመቶ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። እራት ሳቀርብ ይመጣብኛል፣ ልተኛ ስል ይመጣብኛል። ባሕር ውስጥ እንደ ልቡ በሚዋኝ እንስሳ ላይ ሰው እንዴት እንዲህ አፉን ሞልቶ ቃል ይገባል? ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔም ያን ሰሞን እንደ ሙሽራዋ ነበርኩ።

ልናየው ያሰብነው ዌል ሻርክ የሚሉትን ነው። ስሙ ውስጥ ዓሣ ነባሪ ቢኖርም ዓሣ ነባሪ አይደለም። ሻርክ ነው፤ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ። ሙሉ ያደገው ከ10 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሰው ላይ ግን አይደርስም። ምግቡ ፕላንክተንና ትንንሽ ዓሦች ናቸው፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን ይምግና ምግቡን አጣርቶ ያስቀራል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳር ላይ፣ አርታ በሚባለው ዳርቻ ይሰበሰባል። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ማለት ነው። ወደዚያ የሚመጡት በብዛት ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። አብዛኞቹ ሦስት፣ አራት ሜትር ያህል ቢሆኑ ነው። ለደጋ ሰው ግን እሱም አያንስም።

አባባና ወደቡ

ጉዞው የታሰበው ለአባባ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ የተሳቢ ሾፌር ናቸው። መጀመሪያ መስመራቸው አሰብ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እሳቸውም እንደ ሌላው ሾፌር ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። ከዚያ ጋላፊ፣ ሚሌ፣ አዋሽ። እኛን ደብረ ብርሃን ላይ ያሳደገን ይህ መንገድ ነው።

ወንድሜ አንድ ቀን ስልኩ ላይ የዚህን ዓሣ ቪዲዮ አሳያቸው። «የት ነው ይሄ?» አሉ። ጅቡቲ ነው አላቸው። ድጋሚ አስከፍተው አዩት። ከዚያ «ዕድሜዬን እዚያ ጨርሼ ወደቡን ነው እንጂ ባሕሩን መች አየሁት» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም። እንዲሁ የገረማቸው ነገር ነው የመሰለው። እኔን ግን ልቤን ነካኝ።

ሾፌር ጅቡቲ ሲደርስ ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ይቆማል። ተራ ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ ከሆነ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አይታሰብም። ማታ ተሳቢው ሥር ፍራሽ ያነጥፍና ይጋደማል። ጭነቱ ሲገኝ ሸራውን አስሮ ይወጣል። አባባ በጅቡቲ ምድር ስንት ሌሊት እንዳደሩ ራሳቸውም አያውቁትም፤ አልጋ ላይ ያደሩበት ሌሊት ግን የለም።

ስለዚህ «የት ነው የምናድረው?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የዋጋና የኮከብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አባቴን ጥሩ አልጋ ላይ ማስተኛት ፈልጌያለሁ። ታላቅ እህቴ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። አብዛኛውን ገንዘብ የምታወጣው እሷ ናትና ቃሏ ይከበራል። «ኤሲ የሌለበት ቤት አባባን እንዳትወስጃቸው» አለችኝ። የመቶ በመቶው ሰውዬ ሆቴል ኤሲ አለው። ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር።

ልቤ የሄደው ታጁራ

ማማረጥ ስጀምር ልቤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ታጁራ ነው። ምክንያቱ የሰሜን ሸዋ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ታጁራ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በሰሜኑ ዳር ያለች ነጫጭ ቤት የበዛባት አሮጌ ከተማ ናት። ከባቡሩ በፊት የሸዋ የባሕር በር እሷ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የተነሣ የግመል ሲራራ በአፋር በረሃ አድርጎ ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። የአሳል ሐይቅ ጨው በዚያ መንገድ ወጥቷል። ጨርቅና ጠመንጃ ወጥቷል። ወደ ታች ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ ማሰቡም ይከብዳል፣ ለባርነት የተሸጠ ሰው ወርዷል። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች ሸዋ የገቡት ታጁራ ላይ ከመርከብ ወርደው ነው። አልዩ አምባ ገበያ የቆመ ሰው ያን ሁሉ ጓዝ ማን እንዳራገፈው ሲያስብ፣ የመንገዱን ሌላ ጫፍ ማየት ያምረዋል። እኔ አምሮኝ ነው የኖርኩት።

ከታጁራ ትንሽ ወጣ ብሎ ነጭ አሸዋ ያለበት ዳርቻ አለ። ሰው እዚያ ጎጆ ተከራይቶ ያድራል። ፎቶውን ለአባባ አሳየኋቸው፣ ወደዱት። ችግሩ ግን ዓሣው ያለው በደቡቡ ዳር ነው። ታጁራ ያደረ ሰው በየማለዳው ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ማቋረጥ አለበት። ለጉልማሳ ምንም አይደል። ወገቡን መሪ ለሰበረው ሽማግሌ ግን ማዕበል ላይ የሚነጥር ጀልባ ሌላ ቅጣት ነው። ታጁራን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኳት።

ጀልባው ላይ እያደሩ ብዙ ቀን የሚቆዩበትም ጉዞ አለ። ጠላቂዎች ይወዱታል። አባባ ሲሰሙት «እኔ እንኳ መሬት ላይ ነው የምተኛው» አሉ። እሱም በዚያ አለቀ።

ስልኩ የመጣበት ማታ

አርታ ዳርቻ ላይ ከውሃው አጠገብ ጎጆና ድንኳን የሚያከራዩ አሉ። ወንድሜ ከአንዱ ቦታ ስልክ አገኘና ደወልን። ስልኩን ያነሣው ልጅ አማርኛ ይናገራል፤ ጅቡቲ ውስጥ አማርኛ የሚችል ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም። ኅዳር ነበር፣ ውርጩ ገብቷል። ከሰሉን ከበን ተቀምጠናል። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ሻወሩ፣ ስለ ዋጋው ጠየቅሁ። ልጁ ለእያንዳንዱ መለሰ። አባባ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን አነሡት።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ።»

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ።»

«አልጋው ከውሃው ምን ያህል ይርቃል?»

«ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል።»

«ነፋሱ በስንት ሰዓት ይነሣል?»

«ረፈድ ሲል ነው። ማለዳ ውሃው ይተኛል።»

«ከከተማ የሚመጡት ጀልባዎችስ መቼ ይደርሳሉ?»

«ሦስት ሰዓት ገደማ። አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ይበዛሉ።»

«አንተ ስንት ሰዓት ትወጣለህ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ መንገድ ሲጠይቁ እንዲህ ናቸው። የመነሻ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ከፊት ስንት መኪና አለ። ከዚያ የመጨረሻውን ጠየቁ።

«ዓሣው ይታያል?»

ልጁ ትንሽ ቆየ። «አባቴ፣ እሱን እኔ አላውቅም። ትናንት ብዙ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት አንድ ብቻ አየን። ነገን አላህ ያውቃል። ነገ ካልመጣ ከነገ ወዲያ እንወጣለን። አሳድደን ግን አናመጣውም።»

አባባ ስልኩን መልሰው ሰጡኝ። «እዚህ እንሂድ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

እኔ ግን ያን ማታ ብዙ አሰብኩ። ከሰውዬው ጋር የከረመብኝ ነገር ያኔ ነው የተፈታልኝ። መቶ በመቶ ያለ ሰው ቃሉን ሊጠብቅ ይገባል። ቃሉን ለመጠበቅ ያለው ጊዜ ደግሞ ያቺ አንዲት ቀን፣ ከቀኗም ጥቂት ሰዓት ናት። እንግዳው ከከተማ ሆቴሉ ተነሥቶ ይመጣል፣ ገንዘቡን ከፍሏል፣ ማታ ኤርፖርት ይሄዳል። ዓሣው ወደ ጀልባው ካልመጣ ጀልባው ወደ ዓሣው መሄድ አለበት። ዓሣው ከጠለቀ ሌላ መፈለግ አለበት። ሌላ ጀልባ ቀድሞ ከደረሰ መሃሉ መግባት አለበት። ጀልባ ነጂው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። የተገባለት ቃል ነው የሚነዳው።

ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለይቶ ከመዘገባቸው ዌል ሻርኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰውነት ላይ ጀልባ ወይም ፕሮፔለር ያቆሰለው የሚመስል ጠባሳ አግኝቷል። የሚለዩት ደግሞ ከላያቸው ላይ ባለው ነጭ ነጠብጣብ ነው። የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ፎቶ አንስቶ ማወዳደር ነው። ዓሣው ምግብ ሲለቅም ከውሃው ወለል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በፍጥነት የሚመጣ ሞተር ያገኘዋል። ዝርያው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡት መካከል ሰፍሯል።

አልጋችን ከውሃው አጠገብ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ጥድፊያ ከየት ይመጣል? ማለዳው የእኛ ነው። ዛሬ ካልሆነ ነገም ማለዳ አለ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ መጠበቅ ይችላል፤ እኛም ነገ እዚያው እንደምንነቃ ያውቃል። የት እንደምናድር ስንመርጥ ዓሣውን እንዴት እንደምንቀርበውም አብረን እየመረጥን ነው።

ጓሳ ላይ የማውቀው

ይህ ነገር ለእኔ እንግዳ አልነበረም። የእናቴ ወገኖች የመንዝ ሰዎች ናቸው። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ሣር ምድር ብዙ ጊዜ አድሬያለሁ፣ እንግዳም ይዤ ሄጄ አውቃለሁ።

ጓሳ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነሥቶ፣ ጣርማበርን አልፎ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚደርስ እንግዳ አለ። ማታ መመለስ አለበት። ከመኪናው ሳይወርድ «ጭላዳዎቹ የት አሉ?» ይላል። ካሜራውን ይዞ መንጋው መሃል ይገባል። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ፈንጠር ይላሉ፣ እሱ ይከተላል፣ እነሱ ይሸሻሉ። ቀይ ቀበሮ ለማየትማ ጭራሽ ዕድል የለውም። ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ ያደረ እንግዳ ግን ሌላ ነገር ያያል። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ከገደሉ አፍ ላይ ይወጣል፤ እናቶቹ ግልገል አዝለው፣ ትልልቆቹ ወንዶች ጋማቸውን ነፋስ እየበተነው። ቀድመህ ተቀምጠህ ከጠበቅኸው አጠገብህ መጥቶ ሣሩን ይነጫል። ያደረ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው።

እዚያ ያሉት ጠባቂዎችም ቃል አይገቡም። «ቀበሮ ይታያል?» ብትላቸው «እንሞክራለን» ይሉሃል። ጓሳን ያቆየው እንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። ለክዳንም ለገመድም የሚሆነው የጓሳ ሣር ለዓመታት ሳይታጨድ ይቆይና በአለቆቹ ፈቃድ ይከፈታል። መሬቱ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሲሆን ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር። ሰዉ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ እዚያ ያሉት ሣሩ ስላለ ነው።

የአርታው ልጅ «አሳድደን አናመጣውም» ሲል የሰማሁት ይህንኑ የመንዝ ንግግር ነው። ባሕር ይሁን ተራራ፣ እንስሳውን ነገም የሚፈልገው ሰው እንዲህ ይናገራል። ነገ የማይመለሰው ነው መቶ በመቶ የሚለው።

እህቴን ማሳመን

እህቴ በቀላሉ አልተረታችም። መከራከሯም ትክክል ነበር። ሽማግሌ ይዞ ጎጆ ውስጥ ማደር የራሱ ጣጣ አለው፤ ሐሳቡ አማረ ተብሎ አይታለፍም።

ስለ ኤሲ የሰጠኋት መልስ የወቅቱ ነው። አባባ የሚያወሩት የሐምሌን ጅቡቲ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ቀኑ 30 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፣ ሌሊቱ ወደ 22 እና 23 ይወርዳል። ከባሕሩ ነፋስ ይገባል። ለዚያ ሌሊት ኤሲ አያስፈልግም። እሷ ግን ቀጠለች። መጸዳጃ ቤቱ ከጎጆው ምን ያህል ይርቃል? አባባ ሌሊት ይነሣሉ። መንገዱ አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ? ጄኔሬተሩ በስንት ሰዓት ይጠፋል? የሚጠጣ ውሃ በቂ ነው? ቢያማቸው ከተማ የሚያደርስ መኪና አለ ወይ? ይሄኛው ጥያቄዋ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ባሕር ዳር ሽማግሌ ይዞ የሚያድር ሰው ጀልባውን ሳይጠይቅ መኪናውን ይጠይቅ።

ልጁን ደግሜ ደወልኩለት። መጸዳጃው ጥቂት እርምጃ ነው፣ መንገዱ ግን ጠጠር አለው አለ። ጄኔሬተሩ ማታ ይጠፋል፣ ባትሪ ያዙ አለ። መኪና አለ። ሁሉም አልጋ ከውሃው እኩል አይቀርብም፤ ለአባታችሁ ለመጸዳጃው የሚቀርበውን እይዛለሁ አለ።

አንድ ነገር ግን ማናችንም መጀመሪያ አላሰብነውም፤ ጾሙን። ዌል ሻርኩ የሚመጣበት ወቅትና ጾመ ነቢያት አንድ ላይ ይውላሉ። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ነው። ባሕር ዳር ያለ ማረፊያ ምግቡ ዓሣ ነው። አባባ ደግሞ በጾም ዓሣ አይበሉም፤ የሚበሉም አሉ፣ እሳቸው አይበሉም። ከገና በኋላ እንሂድ ብንል የእህቴ ፈቃድ አይገጥምም። ልጁን ስጠይቀው «ሩዝና ምስር አናጣም» አለኝ። እኛም ሽሮና በርበሬ ከቤት ያዝን። ለጾመኛ ማረፊያ ስትመርጡ ወጥ ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለብቻው ድስት ይሰጣችሁ እንደሆነም ጠይቁ።

ዋጋው ረክሶ ነው እንዳይመስላችሁ። ጅቡቲ ውድ ናት። ፍራንኩ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.721 የታሰረ ነው። የእኛ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ከከተማው ሆቴል የተረፈን ገንዘብ ለተጨማሪ ሌሊት ዋለ። እህቴን በመጨረሻ ያሳመናት እሱ ይመስለኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በአንድ ቀን ሁሉን ልናይ ብንሮጥ ኖሮ ገንዘቡም ጉልበቱም እዚያችው ቀን ላይ ይፈስ ነበር።

አርታ

በባቡር ሄድን። አባባ መንገዱን ከመስኮት እያዩ ዝም እንዳሉ ገባን። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም።

የመጀመሪያው ማለዳ ምንም አልመጣም። ሞተሩ ጠፍቶ ተንሳፍፈን ቆየን። ልጁ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ከከተማ የመጡት ጀልባዎች ሲደርሱ እኛ ወደ ዳር ተመለስን። ሻይ ጠጣን። አባባ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጨዋማነቱን ለማረጋገጥ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት።

በማግሥቱ መጣ። ልጁ በእጁ ብቻ አመለከተን። መጀመሪያ ያየሁት አፉን ነው። ሰፊ ነው፣ ከፊት ለፊት ነው፣ በአግድም የተከፈተ ሰፊ በር ይመስላል። የላይኛው ከንፈር ከውሃው ብቅ ይላል፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ አፉ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። አይቸኩልም። ዓይኑ ትንሽ ናት፣ ከአፉ ጥግ ናት። ጀርባው ግራጫ ነው። ነጭ ነጠብጣቦቹ ጭንቅላቱ ላይ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፣ ወደ ጎኑ ሲወርዱ ይሰፋሉ፣ በመሃላቸው ፈዘዝ ያለ መስመር አለ። ከጀርባው ክንፍ ጫፍ ትንሽ ተቆርጧል። የድሮ ቁስል ነው፤ ድኗል። ምን እንደቆረጠው አላውቅም።

ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ገባ። ከመግባቱ በፊት ልጁ «ከሰውነቱ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቅ» ብሎት ነበር። እንዳትነካው፣ ከፊቱ እንዳትቆም፣ ፍላሽ እንዳትጠቀም። እኔና አባባ ጀልባው ላይ ቀረን። ዓሣው ራሱ መጣ። ከጀልባችን ጎን እየተንሸራተተ አለፈ፣ ዞረ፣ ደግሞ አለፈ። አባባ የጀልባውን ጠርዝ ይዘው አጎንብሰው ያዩታል። ርዝመቱን በዓይናቸው ለኩና «ከጋቢናዬ ይረዝማል» አሉ። ልጁ ሳቀ። ከዚያ አባባ ስለ ዓሣው ጠየቁት፤ የት ይሄዳል፣ ይመለሳል ወይ፣ ስንት ዓመት ይኖራል። ልጁ የሚያውቀውን መለሰ። የማያውቀውን አላውቅም አለ።

ረፈድ ሲል ነፋሱ ተነሣ። ጀልባዎቹ ከምሥራቅ በኩል ታዩ። አንዱ በፍጥነት መጥቶ ቀረበ፣ ሰዎች ተከታትለው ዘለሉ። ዓሣው ወደ ታች አዘቀዘቀ፣ ጅራቱ አንዴ ታየ፣ ከዚያ ውሃው ብቻ ቀረ። ከዘለሉት መካከል አንዲት ልጅ መነጽሯን አውልቃ «የት ሄደ?» ስትል ሰማኋት። አሳዘነችኝ። ከሩቅ አገር መጥታ ይሆናል፣ እንደ እኔ ስትመኝ ኖራ ይሆናል። ያደረችበት ቦታ ነው ይህን የቀማት። ማንም ግን አልነገራትም።

ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ከተመለስን ወዲህ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ «የትኛው ሆቴል ይሻላል?» ነው የሚሉኝ። እኔ ደግሞ መልሼ «ስንት ማለዳ አላችሁ?» እላቸዋለሁ። አንድ ብቻ ካላቸው ጉዞውን አቆዩት እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ከአንድ በላይ ካላቸው ለውሃው ቅርብ የሆነ ቦታ ይዛችሁ፣ አርብን ዘላችሁ፣ ካልመጣ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ባለቤቱን ጠይቁት እላለሁ። «እንፈልገዋለን፣ እናገኘዋለን» ካለ ሌላ ቦታ ደውሉ።

አባባ አሁን የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸውን ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ሁሉም ፒኬ 12 ያደሩ ናቸው። አንደኛው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጠጠር ላይ መራመድ አይችሉም፤ የጀልባው መውጫም ከፍ ያለ ነው። ልጁ ከጎጆዎቹ እስከ ውሃው ጣውላ ሊያነጥፍ አስቧል፤ ለሚመጣው ኅዳር ይደርሳል ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እንሞክራለን» ብሎኛል።